ኬዙ «ናንሱት» ተባለ፤ ክሱ አለቀ ማለት ነው ወይስ ተመልሶ ይመጣል?

ጥያቄ፦ አርሊንግተን_22

ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ የፍትሐ ብሔር ክስ አሠራርን ለምታውቁ ጥያቄ አለኝ። አንድ ዘመዴን፣ የክሬዲት ካርድ ዕዳውን ከባንክ የገዛ ድርጅት 6,400 ዶላር ክፈል ብሎ ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት ከስሶት ነበር። ዘመዴ ጠበቃ የለውም። በመጀመሪያው ቀጠሮ ቀርቦ «የዕዳው ባለቤት እናንተ መሆናችሁን አሳዩኝ» ብሎ ስለተከራከረ ለሙግት ተቀጠረ። በሙግቱ ቀን ግን የከሳሽ ጠበቃ ለዳኛዋ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረ፣ ዳኛዋ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈች፣ አለቀ። አስተርጓሚው «ክሱን አንስተዋል» አለው። የኮርቱ ድረ ገጽ ላይ ስንፈልግ ውጤት በሚለው ቦታ «ናንሱት» ይላል።

ይኼ አለቀ ማለት ነው? ካላለቀስ እንደገና መክሰስ የሚችሉት እስከ መቼ ነው? ለሁለት ቀጠሮ ሁለት ቀን ከሥራ ቀርቷል፣ ያንን ማስከፈል ይችላል? ክሬዲቱ ላይ ያለውስ ዕዳ ይነሳለታል? የሚያገኘው ሰው ሁሉ «ከሳሽ ራሱ ካነሳው አበቃ፣ ሰው በአንድ ነገር ሁለት ጊዜ አይከሰስም» እያለው ነው።


መልስ፦ ፓራሊጋል_ቨርጂኒያ

አላለቀም። ይኼን መጀመሪያ ላይ የምጽፈው ሰው ከኮርት ወጥቶ ወረቀቱን የሚጥለው እዚህ ጋ ተሳስቶ ስለሆነ ነው።

ናንሱት ማለት ከሳሹ ክሱን በገዛ ፈቃዱ አነሳ ማለት ነው። ዳኛዋ «ዕዳው አለበት» አላለችም፣ «የለበትም»ም አላለችም። ፍርድ አልተሰጠም። ፍርድ ከሌለ ደግሞ ዘመድዎ ነገ ሌላ መጥሪያ ቢደርሰው «ይኼ ነገር ተፈርዶ አልቋል» ብሎ መከላከል አይችልም። «ሁለት ጊዜ አይከሰስም» የሚባለው የወንጀል ጉዳይ ነው። በፍትሐ ብሔር ሁለተኛ ክስን የሚያግደው በዋናው ጉዳይ ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው፤ ናንሱት ደግሞ ፍርድ አይደለም።

በቨርጂኒያ ሕግ ቁጥር 8.01-380 መሠረት ከሳሽ ክሱን አንድ ጊዜ የማንሳት መብት አለው። ምክንያት መስጠት የለበትም፣ ዳኛዋም «አልፈቅድም» ማለት አትችልም። መብቱ የሚያበቃው ከሦስቱ በአንዱ ነው፦ ተከሳሽ «ማስረጃቸው አይበቃም» ብሎ ያቀረበው ጥያቄ ተቀባይነት ካገኘ፣ ጁሪ ለመወሰን ከወጣ፣ ወይም ጉዳዩ ለዳኛው ውሳኔ ከቀረበ። ከዚያ በፊት ምስክር እየተሰማም ቢሆን ማንሳት ይቻላል። ስለዚህ በሙግቱ ቀን ጠዋት ላይ መሆኑ አይገርምም። ዕዳ የሚገዙ ድርጅቶች ይኼን የሚያደርጉት ብዙ ጊዜ ተከሳሹ ቀርቦ የሚከራከር ሆኖ ሲገኝና ዕዳው ከባንኩ ወደ እነሱ መተላለፉን የሚያሳየው ሰነድ በእጃቸው ሳይኖር ሲቀር ነው። የሽያጭ ሰነዱ ላይ የዘመድዎ አካውንት ቁጥር የለም፣ ወይም በመካከል ሌላ ገዢ ነበረና የእሱ ወረቀት ጠፍቷል። ተከራክረው ቢሸነፉ በሩ ይዘጋባቸዋል፤ ሲያነሱት ግን ሰነዱን ለማምጣት ጊዜ ይገዛሉ።

እስከ መቼ ለሚለው፦ ቁጥር 8.01-229 ላይ ናንሱት የወሰደ ከሳሽ ትእዛዙ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 6 ወር አለው፤ ወይም ዋናው የይርጋ ጊዜ (ለመክሰስ በሕግ የተወሰነው ጊዜ) ገና ካላለፈ እስከዚያ ድረስ። ከሁለቱ የሚረዝመው ነው የሚሠራው። እዚህ ላይ ሰው ሁለት ስሕተት ይሠራል። አንደኛው 6 ወሩን እንደ ጣሪያ መቁጠር ነው፤ 6 ወር ትንሹ ነው። በምሳሌ ልበለው፦ ክፍያው የተቋረጠው ሜይ 1 ቀን 2021 ነው፣ ዕዳው ባልተፈረመ ውል ነው ተብሎ ይርጋው 3 ዓመት ነው እንበል። ዋናው ይርጋ የሚያልቀው ሜይ 1 ቀን 2024 ነው። ድርጅቱ ማርች 1 ቀን 2024 ከሰሰ፣ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024 ናንሱት ወሰደ። ዋናው ይርጋ አልፏል፣ ስለዚህ የመጨረሻው ቀን ማርች 10 ቀን 2025 ይሆናል። በ2022 ከስሰው በ2022 አንስተውት ቢሆን ኖሮ ግን እስከ ሜይ 2024 ድረስ ጊዜ ነበራቸው። ሁለተኛው ስሕተት ይርጋውን ራሱ አለማወቅ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በፊርማ የተረጋገጠ የጽሑፍ ውል 5 ዓመት፣ የቃል ወይም ያልተፈረመ ውል 3 ዓመት ነው። ክሬዲት ካርድ የትኛው ነው የሚለው ዘመድዎ የፈረመበት ወረቀት አለ ወይ በሚለው ላይ ይንጠለጠላል። ከሳሹ 5 ይላል፤ ተከሳሽ «ፊርማዬን አሳዩ» ማለት አለበት።

ለሁለተኛ ጊዜ ከከሰሱ በኋላ እንደገና ላንሳ ቢሉ መብት የላቸውም። ዘመድዎ ካልተስማማ ያለ ዳኛው ፈቃድ አይሆንም፣ ሲፈቅድም ወጪና የጠበቃ አበል ሊያስከፍል ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛው ክስ ከመጣ እሱ ነው ዋናው ሙግት።

ለሁለት ቀን ደመወዝ የሚከፈል ነገር የለም። ሕጉ የሚለው ከሙግቱ በፊት ባሉት 7 ቀናት ውስጥ ወይም በሙግቱ ላይ ካነሱት፣ ሊመሰክር የተቀጠረ ባለሙያ አበልና መጓጓዣ ዳኛው ሊያስከፍላቸው ይችላል ነው። ተከሳሹ ራሱ ከሥራ መቅረቱ እዚህ ውስጥ አይገባም።

ክሬዲት ሪፖርቱ በናንሱት አይነካም። ያልተከፈለ ዕዳ ክፍያው ከተቋረጠበት ጀምሮ እስከ 7 ዓመት ሪፖርት ላይ ሊቆይ ይችላል፤ ክሱ መነሳቱ አያስጠፋውም። ዕዳው የእሱ ካልሆነ ወይም መጠኑ ስሕተት ከሆነ ለክሬዲት ቢሮዎቹ ለየብቻ ክርክር ማቅረብ ይኖርበታል።

አሁን ማድረግ ያለበት ይኼ ነው። የመጀመሪያውን መጥሪያ፣ ላይኛው ላይ «ዋራንት ኢን ዴት» የሚለውን ወረቀት፣ አይጣል። («ዋራንት» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ የእስር ትእዛዝ አይደለም፣ የገንዘብ ክስ መጥሪያ ነው።) ክለርክ ቢሮ ሄዶ ዳኛዋ የጻፈችበትን ገጽ ኮፒ ይጠይቅ፤ ቀኑ እዚያ ላይ ነው ያለው። 6 ወሩ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው። በድረ ገጹ ላይ በየሁለት ሳምንቱ በስሙ ይፈልግ። ስማችን በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አንድ «ኢ» ይጎድላል ወይም አንድ «ኤስ» ይደረባል፣ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይገባል፣ አንዳንዴ ስሙና የአባቱ ስም ቦታ ይለዋወጣሉ። በሁሉም መልክ ይፈልግ፣ በሰፈሩ ካውንቲም ብቻ ሳይሆን በፊት በኖረበትም።

ይኼን የማለው በአድራሻ ምክንያት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ መጥሪያ በእጅ ካልተሰጠ በር ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ቤት ቀይሮ ከሆነ፣ ወረቀቱ የድሮው በር ላይ ተለጥፎ፣ ኮፒው በፖስታ ወደ ድሮው አድራሻ ተልኮ፣ እሱ ሳይሰማ በሌለበት ይፈረድበታል። ቀጥሎ የሚሰማው ከደመወዙ ሲቆረጥ ነው፤ ቆረጣው ከታክስ በኋላ ካለው ገቢ እስከ 25 በመቶ ሊደርስ ይችላል። በናንሱት ተደስተው ከተዘናጉት መካከል ጉዳዩ የከፋባቸው እንዲህ ነው የሆነባቸው።


መልስ፦ ልደታ_ችሎት

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው። የምጨምረው ሰዎቻችን ለምን «ካነሳው አበቃ» እንደሚሉ ነው፤ ከምንም ተነስተው አይደለም። በኢትዮጵያ ሕግ ነገሩ በእርግጥ ወደዚያ ያደላል።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 278 ከሳሽ ክሱን ወይም ከክሱ የተወሰነውን በማናቸውም ጊዜ ማንሳት እንደሚችል ይናገራል። ነገር ግን እንደገና መክሰስ የሚፈልግ ከሆነ ፍርድ ቤቱን አስቀድሞ ማስፈቀድ አለበት። ፍርድ ቤቱ የሚፈቅደው ክሱ በአቀራረብ ጉድለት የሚወድቅ ሲሆን ወይም ሌላ በቂ ምክንያት ሲኖር ነው። ሳያስፈቅድ ካነሳ ኪሳራ (የክሱን ወጪ) ይከፍላል፣ በዚያው ጉዳይም ዳግመኛ ክስ ማቅረብ አይችልም። ስለዚህ ልደታም ሆነ ሌላ ችሎት የተሰጠን ትእዛዝ ስታነቡ «በድጋሚ የመክሰስ መብቱ ተጠብቆ» የሚለው ሐረግ አለ ወይስ የለም የሚለው ነው ሁሉ ነገር። ሐረጉ ከሌለ በሩ ተዘግቷል።

አሜሪካ ተገላቢጦሽ ነው። ዝም ከተባለ በሩ ክፍት ነው፤ እንዲዘጋ «ዊዝ ፕሬጁዲስ» ተብሎ መጻፍ አለበት። አስተርጓሚው «ክሱን አንስተዋል» ሲል አልተሳሳተም፣ ግን ዘመድዎ የሰማው በአገር ቤት ጆሮ ነው። ለአስተርጓሚዎች የማሳስበው፦ «ዊዛውት ፕሬጁዲስ» ሲባል «ያለ ጉዳት» እያላችሁ አትተርጉሙ፤ ሰው ምንም ጉዳት የለውም ብሎ ነው የሚሰማው። «በድጋሚ የመክሰስ መብታቸው ተጠብቆ» በሉት። «ዊዝ ፕሬጁዲስ»ን ደግሞ «ዳግም እንዳይከሱ ሆኖ»። ይኼ የፍርድ ቤት አማርኛ ነው፣ ማንም ይረዳዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ወይም የውርስ ክርክር በውክልና የምታካሂዱ ወገኖችም እዚህ ጋ ልብ በሉ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 መሠረት ለመክሰስ፣ ለመከላከል፣ ለመታረቅ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ከኤምባሲ የሚልከው ውክልና ላይ «እንዲከስ፣ እንዲከሰስ፣ እንዲታረቅ፣ ክስ እንዲያነሳ» በአንድ ትንፋሽ ተደርድሮ ይገባል። ወኪሉ ቀጠሮ ሲያታክተው ወይም ከሌላው ወገን ጋር ሲግባባ ክሱን ሳያስፈቅድ ሊያነሳው ይችላል፤ እናንተ በሩቅ ሆናችሁ ስትሰሙ ዳግም መክሰስ አይቻልም። ወኪሉ ክስ እንዲያነሳ የማትፈልጉ ከሆነ ቃሉን አታስገቡ፣ ወይም «እኔን በጽሑፍ ሳያስፈቅድ ክስ ማንሳትና መታረቅ አይችልም» ብላችሁ ገደብ አድርጉበት።


ተጨማሪ ጥያቄ፦ ሲልቨር_ስፕሪንግ

ጥያቄው ከዚህ ጋር ስለሚገናኝ እዚሁ ልጠይቅ። በፌደራል ኮርት ኢሚግሬሽን ላይ የሚቀርበው የማንዳመስ ክስ፣ ማለትም ለዓመታት ለዘገየ ማመልከቻ መልስ ስጡ የሚለው፣ የመንግሥት ጠበቃ «ኢንተርቪው ተይዞላችኋል፣ ክሱን አንሱ» ሲል ከሳሹ ማንሳት አለበት? ካነሳና ኢንተርቪው ቢሰረዝስ? ናንሱት የሚባለው እዚያም አለ?


መልስ፦ ፌደራል_መዝገብ

ናንሱት የቨርጂኒያ ስቴት ቃል ነው። ፌደራል ኮርት ውስጥ፣ ግሪንቤልትም ሆነ አሌክሳንድሪያ ወይም ዋሽንግተን፣ የሚሠራው የፌደራል ፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ 41 ነው። ሦስት መንገድ አለው፤ የትኛው እንደሆነ ማወቅ የግድ ነው፣ ምክንያቱም ውጤታቸው ይለያያል።

አንደኛው ማስታወቂያ ነው። ተከሳሹ መልስ ወይም «ያለ ሙግት ይፈረድልኝ» የሚል ማመልከቻ ለከሳሽ ከማድረሱ በፊት፣ ከሳሽ የአንድ ገጽ ማስታወቂያ ፋይል አድርጎ ይወጣል። ዳኛ አይፈርምበትም፣ ፋይል በተደረገበት ቅጽበት ክሱ ያልቃል። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር፦ መንግሥት መልስ ሳይሆን «ክሱ ይሰረዝ» የሚል ሞሽን (ማመልከቻ) ካቀረበ ይኼ መብት አይቋረጥም። የሚያቋርጡት ከላይ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። በመንግሥት ላይ በሚቀርብ ክስ መልስ የመስጫው ጊዜ የመንግሥት ጠበቃ ቢሮ መጥሪያ ከደረሰው ጀምሮ 60 ቀን ነው። በማንዳመስ ኬዝ አብዛኛው ነገር የሚንቀሳቀሰው በዚያ 60 ቀን ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ቀርበው የተከራከሩ ወገኖች ሁሉ የሚፈርሙበት ስምምነት ነው፤ ይኼም ዳኛ አያስፈልገውም። ሦስተኛው የዳኛ ትእዛዝ ነው፤ ዳኛው ተገቢ ነው ያለውን ግዴታ ይጨምርበታል። ተከሳሹ ቀድሞ የተከሳሽ ከሳሽነት ክስ (በከሳሹ ላይ መልሶ ያቀረበው ክስ) አቅርቦ ከሆነና ያ ክስ ለብቻው መቀጠል የማይችል ከሆነ፣ እሱ እየተቃወመ ዋናው ክስ አይነሳም።

በሦስቱም ዝም ከተባለ እንደገና የመክሰስ መብት ተጠብቆ ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ከሳሹ ያንኑ ጥያቄ ከዚህ በፊት በፌደራልም ሆነ በስቴት ኮርት አንስቶ ከነበረ፣ ሁለተኛው ማስታወቂያ በዋናው ጉዳይ ላይ እንደተሰጠ ፍርድ ይቆጠራል። ዳግም መክሰስ የለም። ሁለተኛ ጊዜ ማንሳት ግድ ከሆነ በማስታወቂያ ሳይሆን ሁለቱም ወገን በሚፈርምበት ስምምነት ይሁን፣ ስምምነቱም ላይ «መብቱ ተጠብቆ» የሚለው በግልጽ ይጻፍ።

ሁለተኛው አደጋ ይርጋ ነው። ቨርጂኒያ 6 ወር ትሰጣለች፤ ፌደራል ሕግ ላይ በተመሠረተ ክስ ግን ክሱ ከተነሳ እንዳልተከሰሰ ነው የሚቆጠረው፤ በኮርት የቆየው ጊዜ አይቀነስም። የሥራ ቦታ መድልዎ ክስ ያነሱ ሰዎች ለመክሰስ የተሰጣቸው ዋናው የ90 ቀን ጊዜ ካለፈ በኋላ ተመልሰው ሲመጡ ለዘለቄታው የሚዘጋባቸው በዚህ ነው። «መብትህ ተጠብቆ» የሚለው ቃል ይርጋውን አያራዝምም። ከማንሳታችሁ በፊት ዛሬ አዲስ ክስ ብታስገቡ ጊዜው ይደርሳል ወይ ብላችሁ አስሉ።

ወደ ማንዳመሱ። ኢንተርቪው መያዝ ውሳኔ ማግኘት አይደለም። ኢንተርቪው ተደርጎ ፋይሉ ተመልሶ ለወራት ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ «ተይዟል» ስለተባለ ብቻ ማስታወቂያ ማስገባት አያስፈልግም። የተለመደው አካሄድ ክሱን ሳያነሱ ሁለቱም ወገኖች ጉዳዩ ለ60 ወይም ለ90 ቀን እንዲቆም ዳኛውን በጋራ መጠየቅ ነው። የመንግሥት ጠበቆች ብዙ ጊዜ ይስማማሉ፣ ለእነሱም መልስ ከመጻፍ ይቀላል። በጋራ በሚቀርበው ማመልከቻ ላይ የኢንተርቪው ቀን እና ከኢንተርቪው በኋላ በስንት ቀን ውሳኔ እንደሚሰጥ ይጻፍ። ውሳኔው በእጅ ሲገባ ያኔ በስምምነት ይነሳል። ዳኛው ማቆሙን ካልፈቀደና ማንሳት የግድ ከሆነ፣ ቢያንስ ያ የመጀመሪያው ማንሳት መሆኑን አረጋግጡ።

ገንዘቡን በተመለከተ፦ ክስ የተከፈተበት 405 ዶላር አይመለስም፤ እንደገና ስትከሱ እንደገና ትከፍላላችሁ። ከሳሽ ያነሳውን ክስ መልሶ ሲያመጣ ዳኛው የመጀመሪያውን ክስ ወጪ መጀመሪያ ክፈል ብሎ አዲሱን ሊያቆመው ይችላል። መንግሥት የጠበቃ ወጪ ይክፈለኝ ለማለትም አይመችም። የሱፕሪም ኮርት በ2001 ባክሃነን በሚባለው ኬዝ ላይ፣ ክሱ ተከሳሹን አነቃንቆ የተፈለገው ቢገኝም ዳኛ የፈረመበት ፍርድ ወይም ትእዛዝ ከሌለ ከሳሹ «አሸናፊ» አይባልም ብሏል። ክሱን በማስታወቂያ የሚያነሳ ሰው ዳኛ አልፈረመለትም።

ተሳስቶ ላነሳ ሰው በ2025 ፌብሩዋሪ ላይ አንድ በር ተከፍቷል። ዌትዚግ ከሃሊበርተን በሚለው ኬዝ ሱፕሪም ኮርት፣ በራስ ፈቃድ «መብት ተጠብቆ» የተነሳ ክስም በደንብ 60 መሠረት እንዲከፈት ሊጠየቅበት ይችላል ብሎ በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ይኼ ማለት ግን ዳኛው ይከፍተዋል ማለት አይደለም፤ ስሕተት፣ አዲስ ማስረጃ ወይም ማጭበርበር ማሳየት ያስፈልጋል፣ በእነዚህ ምክንያቶች የሚቀርበውም ከአንድ ዓመት በላይ ሳይቆይ መሆን አለበት። እቅድ አድርጋችሁ አትቁጠሩት።


መልስ፦ ፓራሊጋል_ቨርጂኒያ

ስለ ሜሪላንድና ዲሲ በአጭሩ፦ ዲሲ ሱፒሪየር ኮርት የራሱ ደንብ 41 አለው፣ ከፌደራሉ ጋር ይመሳሰላል። ሜሪላንድም በመልስ መስጫው ጊዜ ላይ የተመሠረተ የማስታወቂያ መንገድና ስምምነት አለው፣ ሁለት ጊዜ ማንሳት ላይም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። የቨርጂኒያውን «በሙግቱ ቀን እንኳ አነሳለሁ» መብት እዚያ አትጠብቁ። ሜሪላንድ ውስጥ አብዛኛው የውል ክስ ይርጋ 3 ዓመት ነው።


አርሊንግተን_22

በጣም አመሰግናለሁ። ክለርክ ቢሮ ሄደን ኮፒውን አግኝተናል፣ ቀኑን አይተናል። ዛሬ ደግሞ የድርጅቱ ጠበቃ ቢሮ ለዘመዴ ደውሎ «2,000 ዶላር ብትከፍል ጉዳዩን ዊዝ ፕሬጁዲስ እንዘጋዋለን» አለው። ይክፈል? ምን ዓይነት ወረቀት ይጠይቅ?


መልስ፦ ፓራሊጋል_ቨርጂኒያ

መክፈል አለመክፈሉ የእሱ ውሳኔ ነው፣ ግን አነጋገራቸውን በደንብ ይስማው። አሁን የሚዘጋ ክስ የለም። ክሱ በናንሱት ወጥቷል፣ «ዊዝ ፕሬጁዲስ» ተብሎ የሚጻፍበት መዝገብ የለም። ስለዚህ በቃል የተባለው ነገር ባዶ ነው። የሚያስፈልገው «ሪሊዝ» የሚባለው የፊርማ ስምምነት ነው፦ የድርጅቱ ሙሉ ስም፣ የመጀመሪያው ባንክ ስም፣ የአካውንቱ የመጨረሻ 4 ቁጥር፣ የተነሳው ክስ መዝገብ ቁጥር፣ 2,000 ዶላሩ ለሙሉው ዕዳ መጨረሻ መሆኑ፣ ድርጅቱ ዳግም እንደማይከስና ቀሪውን ለሌላ እንደማይሸጥ፣ ለክሬዲት ቢሮዎች በስንት ቀን ውስጥ ምን ብሎ እንደሚያሳውቅ። በድርጅቱ በኩል የሚፈርመው ሰው ስምና ሥልጣን ይጻፍ። ይኼ ሳይፈረም ብር አይሂድ።

ከሚፈርመው ወረቀት ውስጥ አንድ መስመር ነጥሎ ይመልከት። «ዕዳው እንዳለብኝ አምኛለሁ» ወይም «ቀሪውን በየወሩ እከፍላለሁ» የሚል ካለ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በፊርማ የተረጋገጠ እንዲህ ያለ ቃል የይርጋውን ሰዓት እንደ አዲስ ያስጀምረዋል። ስልክ ላይ መነጋገር አንድ ነገር ነው፤ ፈርሞ መላክ ግን ሌላ ነው። ቴክስትና ኢሜይል ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያድርግ።

ክፍያው በአንድ ጊዜ፣ በባንክ በተረጋገጠ ቼክ ይሁን። የባንክ አካውንት ቁጥሩን ለራስ ሰር ቆረጣ አይስጣቸው። ከ6,400 ላይ 4,400 የተተወለት ስለሚሆን፣ የተተወ ዕዳ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ሲሆን በጃንዋሪ «1099-ሲ» የሚባል ፎርም ሊደርሰው ይችላል፤ አይአርኤስ (የፌደራል ታክስ መሥሪያ ቤቱ) እንደ ገቢ ያየዋል። በዚያን ጊዜ ዕዳው ከንብረቱ ይበልጥ ከነበረ በፎርም 982 ነጻ ሊወጣ ይችላል፣ ታክስ ለሚሠራለት ሰው አስቀድሞ ይንገረው።

ለመደራደር ደግሞ አቅሙ ከሚያስበው በላይ ነው። ሰነድ አጥተው ነው ያነሱት፤ ለማንሳት ያላቸውን አንድ መብትም ተጠቅመውበታል። ከ6 ወሩ ምን ያህል እንደቀራቸው አሁን ቀኑን ይዟል። ዋናው ይርጋ ካለፈና 6 ወሩም ካለቀ በኋላ መክሰስ ቀርቶ እንከስሃለን ብሎ ማስፈራራት እንኳ ከኖቬምበር 30 ቀን 2021 ጀምሮ በፌደራል ደንብ ለዕዳ ሰብሳቢዎች ተከልክሏል። ስለዚህ ለጠበቃው ቢሮ አንድ ነገር በጽሑፍ ይጠይቅ፦ ዕዳው ከባንኩ ወደ ድርጅቱ የተላለፈበትን ሰነድ፣ የእሱ አካውንት ቁጥር ያለበትን ገጽ። ያንን ሳያይ 2,000 የሚለው ቁጥር ላይ መነጋገር አያስፈልገውም።